የማለዳው ዜናና የእኛ ሩብ ሰዓት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርድ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ዋናው ጣቢያ የማለዳ ዜናውን መለያ ዜማ ለቀቀ። ሾፌሩ እጁን ሰደድ አድርጎ ሬዲዮውን ወደ ዘፈን አዞረው። እኔም ሳላስበው እጄን ሰድጄ መለስኩት።

«እንዴ ማዘር! መኪናውን የራስሽ አስመሰልሽው እኮ!» አለኝ።

«ዜና ነው፤ ስማ!»

«ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዜና ምን ያደርግልኛል? የእኛዎቹ ሲጀምሩ እከፍተዋለሁ።»

ከኋላ የተቀመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳቁብኝ። እኔ ግን ሳቅ የሚባል አልመጣልኝም። ይህ ጎረምሳ የሥራ ዘመኔን ጭቅጭቅ በሙሉ በአንድ ቃል ተናገረው። የአዲስ አበባው ዜና የት ላይ ይቁም፣ የእኛውስ የት ላይ ይግባ? ጸጉሬን ያሸበተው ይኸው ክርክር ነው።

ነገሩን ላስረዳ። እኔ የሠራሁበት ሬዲዮ ጣቢያ ቅርንጫፍ ነው። ዋናው ጣቢያ አዲስ አበባ ሆኖ ያሰራጫል፤ እኛ አርባ ምንጭ ሆነን የእሱን ድምፅ እንቀበልና በራሳችን ማሰራጫ ለጋሞ ደጋና ቆላ እንበትናለን። በቀን ውስጥ የእኛ የምንላቸው ሰዓቶች አሉን፤ ጠዋት ግን ጌታው እሱ ነው። የማለዳ ዜናው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት ይዘልቃል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ለቅርንጫፎች ሩብ ሰዓት ይለቃል። ከዚያ በፊት ያለውን የመጀመሪያውን ሰዓት መቁረጥ ክልክል ነው፤ የማይነካ ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት ነው እንግዲህ የተዘጋ መንገድ፣ የጠፋ ሰው፣ ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ፣ የሰፈር ለቅሶ፣ ሁሉንም በጋሞኛም በአማርኛም የምናደርሰው። ትንሽ ናት ብሎ የሚንቃት ሰው ዘመዱ ታሞበት አያውቅም ማለት ነው።

መጀመሪያ ካምባ ወረዳ ላይ ዘጋቢ ሆኜ ጥቂት ዓመት ተቀመጥኩ። ከዚያ አርባ ምንጭ ገብቼ አንባቢ ሆንኩ፤ በኋላም የጣቢያው መርሐ ግብር በእጄ ገባ። ደመወዙን ተዉት፣ ሲያወሩትም አያምር። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ዘፈን ይወድ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ግን ከእነሱ አንዱም አይደለም።

ያስተማረኝ ጋሽ አንጁሎ ነው። የስርጭት ቴክኒሺያን ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚያጠልቀው፤ ግራው የዋናው ጣቢያ ነው፣ ቀኙ የእኛ። ሁለት ጣቶቹ ድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ያርፋሉ እንጂ አይጨብጡትም። ስቱዲዮ ውስጥ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያየውም። የአዲስ አበባው አንባቢ ዜና ሊጨርስ ሲል ትንፋሹን እንዴት እንደሚስብ ያውቀዋል። «ዘነበች፣ ውሃሽን አስቀምጪ፣ ሊጨርስ ነው» ይለኛል። እኔ ብርጭቆዬን ሳስቀምጥ ያኛው ዝም ይላል፣ የእኛ ዜማ ይገባል። አንድ ፊደል ሳይቆረጥ! እኔ በስንት ልምምድ የቻልኩትን እሱ እያዛጋ ይሠራው ነበር።

በእረፍት ቀኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲቀላና ሴቻ ይመላለሳል። ሥራ የፈታ ሰው ይመስላል። ለካ የሾፌሩን እጅ ነው የሚያየው፤ የቱ ሲነገር ድምፅ ይጨምራል፣ የቱ ሲነገር ያጠፋል። ጨንቻ ሲወጣ ሸማኔዎች ቤት ይገባል። «ቆላ ያለው የሙዝ ገበሬ ቶሎ ይወጣል፤ ደጋ ያለው ሸማኔ ጉሙ እስኪገለጥ ቤቱ ነው። ስለዚህ የቆላውን መልእክት አስቀድሚ፣ የደጋውን አስከትዪ» አለኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ መልእክቱን በመጣበት ተራ ነበር የማነበው። ስንቱ የቆላ ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ስሙን ስጠራ እንደኖርኩ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ሳልነግራችሁ ባልፍ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም።

የክረምት መግቢያ ነበር። ከሐይቅ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል። ዋናው ጣቢያ በማለዳ ዜናው የቀበሌውን ስም ጠርቶ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ ሊናገር ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጃችን ስልክ ተደወለለት፤ ማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እየሮጠ ስቱዲዮ ገባ።

«ሸፍነው! ሕዝቡ ይደናገጣል!» አለ ጋሽ አንጁሎን።

«ዜናውን?»

«ዘፈን ልቀቅበት ነው የምልህ! ነገ እኛው አጣርተን በደንብ እንሠራዋለን።»

ጋሽ አንጁሎ አየው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ እነዚያ ሁለት ጣቶች ዝቅ አሉ። ደስ የሚል የጋሞኛ ዘፈን ነበር የገባው። የአዲስ አበባው አንባቢ ነገሩን ሲጨርስ ጋሽ አንጁሎ ዘፈኑን አብርዶ ወደ ዜናው መለሰን። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ምንም የተፈጠረ ነገር የለም።

የግቢያችን ጥበቃ ዓለሙ ይባላል። ቤቱ እዚያ ቀበሌ ነው። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለችው፤ የሚከፍታት በእኛ ጣቢያ ነው፣ ሌላ አያውቅም። ያንን ሳምንት እነዓለሙ ውሃቸውን ከዚያው ከለመዱት ቦታ ቀድተው ሲጠጡ ሰነበቱ። ሚስቱ ታመመች። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ጊዜው አልፎ ነበር።

ለቅሶው ላይ ከጋሽ አንጁሎ ጋር አጠገቡ ተቀመጥን። ዓለሙ ሊያጫውተን ፈልጎ ነው መሰለኝ ቀና ብሎ፣ «ያን ዕለት ጠዋት እኮ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር፤ ዜናው መሃል የለቀቃችሁትን ዘፈን ወድጄው ነበር» አለን።

ክፋት የለበትም፣ ምንም አያውቅማ! ጋሽ አንጁሎ ከድንኳኑ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አገኘሁት። ከለቅሶው በኋላ ራሱ ሄዶ ለዓለሙ እውነቱን ነገረው። ዓለሙ አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ሥራውን ለቀቀ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘንም ፊቱን አዞረብን። በማን ልንፈርድ!

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አንጁሎ ለእኔም ለሌላውም አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር፤ «መልእክት ብትፈልጉ አስቀድሙ፣ ብትፈልጉ አስከትሉ። ዜና ግን አትሸፍኑ።» ይህን እያለ ጡረታ ወጣ፣ ይህን እያለ ሞተ። ነፍሱን ይማር።

የእኔ ፈተና የመጣው የጡረታ ጊዜዬ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀረኝ ነው።

ከጨንቻ በላይ ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች በግጦሽ መሬት ተጣሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታርቀዋልና ምን ያደርጋል። በጸቡ መሃል የታችኛው ቀበሌ አንድ ወጣት ሞተ። ወጣቶች ከሁለቱም ወገን ዱላና ጦር ይዘው ሲወጡ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሃል ገቡ። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ አበቃ፤ ተራምዶት የሚያልፍ ሰው የለም። ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። ዱቡሻ፣ ማለትም አገሩ ተሰብስቦ ነገር የሚያይበት ሜዳ ላይ የሚቀመጡበት ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ ማን ጀመረ፣ ማን መታ የሚባል ወሬ ከማንም አፍ እንዳይወጣ ሽማግሌዎቹ አዘዙ። የሟቹ እናት እማማ ሻሼም በዚሁ ተስማሙ።

የሚቀመጡበት ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አባባ ዳልጮ፣ ቡልኮ ደርበው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደውሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ሁሉ ያውቀዋል፤ ማን እንደጀመረም ያውቃል። ነገ ጠዋት በዜና ሊናገሩት ነው አለኝ» አሉ።

እኔም ከዋናው ጣቢያ የመጣውን የነገ ዜና ቅደም ተከተል አይቼ ነበር። አለበት።

«ነገ ጠዋት የአዲስ አበባውን ዝጊልን። ዘፈን አሰሚን።»

«አባባ፣ ዜና አልዘጋም።»

«ሻሼ ቤት ወንድሞቿና የወንድሞቿ ልጆች ተሰብስበው ነው ያሉት። ከሩቅ ሰው አፍ ሰምተው ከተነሱ እኛ ዱቡሻ ሳንደርስ እነሱ ላይኛው ቀበሌ ይደርሳሉ። ያኔ የምንቀብረው አንድ ሰው አይሆንም።»

ይህን እያሉ እጃቸውን ቡልኮው ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት እርጥብ ሳር ይዟል። ከወንበሬ ዘልዬ ተነስቼ ሁለቱን ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባባ በፈጠረዎት! እንዳይንበረከኩብኝ!»

ጉልበታቸው ታጥፎ ነበር። ደግፌ አቆምኳቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ እኔም የጋሞ ልጅ ነኝ፤ ያ ጉልበት መሬት ቢነካ እምቢ የምልበት አፍ አይኖረኝም። ቢሮው ውስጥ እንደዚያ ተያይዘን ቆመን የዓለሙን ሚስት ነገር ነገርኳቸው። ዘፈኑን ወድጄው ነበር ያለንንም ነገርኳቸው። ክንዳቸው እጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉኝ።

«እርስዎ ይቅደሙ። የአዲስ አበባው ከመናገሩ በፊት በእኛ ሰዓት ይናገሩ።»

«ሽማግሌ ከዱቡሻ በፊት አይናገርም።»

«ፍርዱን አይናገሩ። ማን እንደጀመረም አይንገሩኝ። ወሬ እየመጣባቸው እንደሆነ ብቻ ያሳውቋቸው። የሚያውቁት ድምፅ ቀድሞ ይድረሳቸው።»

ብዙ አሰቡ። «ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ወጥቼ እጠይቃቸዋለሁ» ብለው ሳሩን መልሰው ቡልኳቸው ውስጥ ከተቱ።

እሳቸው እንደወጡ አዲስ አበባ ደወልኩ። የማለዳ ዜናው አርታኢ ናሆም የሚባል ልጅ ነው፤ በስልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። የጋሞው ዘገባ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠየቅሁት። «ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው እትዬ፣ አያስቡ» አለኝ። እፎይ አልኩ። የእኛ ሩብ ሰዓት ከዚያ በፊት ናት። ምንም ሕግ ሳንጥስ ሽማግሌው ይቀድማሉ ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ።

ጠዋት ዜናው ሲጀምር ስቱዲዮ ነበርኩ። የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ጋሽ አንጁሎ በግራ ጆሮዬ ብቻ አጠለቅሁ። አባባ ዳልጮ የሉም። ስልካቸው አይሠራም፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ጠፍቷል። በመስኮት ሳይ የጨንቻ ተራራ ጭራሽ የለም፣ ጉም ውጦታል። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በዚህ ጉም ማን ይነዳል?

ሥራ አስኪያጁ ብሩክ ገባ። ወጣት ነው፣ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩን ማታውኑ ነግሬዋለሁ።

«መጡ?» አለኝ።

«አልመጡም።»

ይህን ስል ስልኩ ጮኸ። ናሆም ነው።

«እትዬ ዘነበች፣ ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል። ስቱዲዮ ይመጣል የተባለው እንግዳ ቀረብን። የእናንተን ዘገባ ወደፊት ስበነዋል፤ ከስፖርቱ በፊት ይገባል።»

«ከስፖርቱ በፊት? ከእኛ ሩብ ሰዓት በፊት ማለት እኮ ነው!»

«አዎ።»

«በማርያም ናሆም፣ ትንሽ አቆየው! ሰው ያልቃል!»

«ዋና አዘጋጁ ወስነዋል እትዬ። እኔ የማዝበት አይደለም።» ዘጋው።

በግራ ጆሮዬ የነዳጅ ዜና እየተነበበ ነው። ከእሱ በኋላ አንድ ዜና አለ፣ ከዚያ የእኛ ነው። ያን ጊዜ ነው ከውጭ የከባድ መኪና ድምፅ የሰማነው። ቆጮ የጫነ አይሱዙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በራችን ላይ ቆመ። አባባ ዳልጮ ከሾፌሩ ጎን ወረዱ፤ ቡልኳቸው በጤዛ ርሷል፣ ሳሩን በእጃቸው ይዘዋል።

«ተስማምተዋል። የት ነው የምቀመጠው?» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ብሩክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው ሰዓት አይነካም። ቢቆርጡት አዲስ አበባዎች ዜናውን ልንሸፍን ነው ብለው ነው የሚያስቡት። የክልከላው ደብዳቤ በእኔ ስም ነው የተጻፈው።»

«አውቃለሁ። ዘገባው ሳይጀምር እመልሰዋለሁ። አንዲት ቃል አይጎድልበትም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም!» አልኩት። ውሸት አላስተማረኝም ጋሽ አንጁሎ።

ብሩክ ሄዶ የስቱዲዮውን በር ዘጋው። ከውጭ ሆኖ ይዘጋዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከውስጥ ሆኖ ነው የዘጋው። አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

የነዳጁ ዜና አለቀ። አንባቢው ትንፋሹን ሳበ። ሁለት ጣቶቼ ዝቅ አሉ፤ አዲስ አበባ ከአየሩ ላይ ጠፋ፣ በግራ ጆሮዬ ብቻ ቀረ። ማይክራፎኑን ከፈትኩና በጋሞኛ፣ «የደጋ ሰዎች፣ ሬዲዮአችሁን ከፍ አድርጉ፤ አባባ ዳልጮ ናቸው» አልኩ።

እሳቸው ዝም አሉ።

ወይ ጌታዬ! ሽማግሌ ሲናገር ቀድሞ ዝም ይላል፤ ዱቡሻ ላይ ያምራል፣ ሬዲዮ ላይ ግን ሰው ጣቢያው ተቋረጠ ይላል። ብሩክ ትከሻዬን ጨመቀኝ። አባባን ልነካቸው እጄን አንስቼ ተውኩት።

«የሻሼ ልጅ ሞቷል» አሉ በመጨረሻ። «እኛም ልጃችን ሞቷል። ዛሬ እንቀመጣለን፣ ሁሉንም እንናገራለን፤ የምንደብቀው የለም።»

በግራ ጆሮዬ ያቺ አንዷ ዜና እያለቀች ነው።

«አሁን ከሩቅ አገር ሰው ይነግራችኋል። የሚናገረው ያማል። አትዝጉት፤ ስሙት።»

አንባቢው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። አባባ ግን አልጨረሱም፤ ሳሩን ከፍ አድርገው ይዘዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ቃሉ አልወጣም። አሁን ብመልሰው አባባን ቆረጥኳቸው፤ ባልመልሰው ዜናውን ሸፈንኩት።

«ቁጭ ብላችሁ ስሙት» አሉ።

ጣቶቼ ወደ ላይ ሄዱ። «...ወደ ጋሞ ዞን እንሄዳለን» አለ የአዲስ አበባው አንባቢ። ብሩክ ትከሻዬን ለቀቀኝ።

ከዚያ ዘገባው መጣ። ሁሉንም ተናገረው፤ ማን እንደጀመረ፣ በምን እንደተመታ፣ የት እንደወደቀ። በየመሃሉ እጄ ወደ መቆጣጠሪያው ይሄድብኛል። በኋላ አላስችል ሲለኝ እጄን አንስቼ ጭኔ ሥር ከተትኩና ተቀመጥኩበት። አባባ ዳልጮ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። የልጁ ስም ሲጠራ ሳሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሲያበቃ፣ «ዋሸ እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«አልዋሸም። ቸኮለ እንጂ።» ተነስተው ወደ አይሱዙው ሄዱ። ዱቡሻው እየጠበቃቸው ነው።

አንድ ሰዓት ሲሞላ ሩብ ሰዓታችን ደረሰች፤ የመንገዱንም የበሽተኛውንም መልእክት አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ከላይ መርዶ መጣ እያልኩ እበረግጋለሁ። ረፋድ ላይ ብሩክ የጨንቻ ሰው በስልክ አገኘና ሁለቱም ወገን ዱቡሻ ላይ መቀመጡን ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ወንበር ፈልጌ የተቀመጥኩት።

ከዋናው ጣቢያ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ለእኔም ለብሩክም። የማይነካውን ሰዓት ነክተናል፣ ያቺን አንዷን ዜናም ሸፍነናልና ምን እንላለን። ተቀበልን። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጡረታዬ ደረሰ፤ ኬክ ተቆረጠ፣ ነጠላ ተሸለምኩ።

አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ያን ጠዋት እማማ ሻሼ ሬዲዮ ከፍተው ነበር? ሰምተው ከሆነስ ምን አሉ? አንዲት እናት የልጇን አሟሟት በጠዋቱ በሬዲዮ እንድትሰማ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ትክክል ነው ብዬ ከብሩክ ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ለራሴ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ ተነሳሁና ለቅሶ ልድረሳቸው ብዬ ሄድኩ።

ቤታቸው ከእንሰቱ መሃል ነው። እማማ ሻሼ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝ። ምራታቸው አጠገባቸው ነበረች። በጋሞኛ እያወራን ቆየን። ልጠይቅ እላለሁ፣ አፌ አልከፈት ይለኛል። እሳቸው ራሳቸው አነሱት።

«ያን ጠዋት ቤቱ ወንድ በወንድ ነበር» አሉኝ። «ዳልጮ ሲናገር ሁሉም ዝም አለ። ያ የሩቁ ሰው ሲጀምር ወንድሜ ዱላውን አንስቶ ቆመ፣ ልጆቹም ተከትለው ቆሙ። እኔ ሄጄ በሩ ላይ መሬት ቁጭ አልኩ። ዳልጮ ቁጭ በሉ ብሏል፣ የምትወጡ ከሆነ በላዬ ተራመዱ አልኳቸው። አንድ በአንድ ተቀመጡ።»

«አማርኛውን ይሰማሉ እንዴ እማማ?»

«አልሰማም። እሷ ናት የነገረችኝ» አሉ ምራታቸውን እያመለከቱ። «እያለቀሰች ነበር የምትነግረኝ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እዚህ ጋ የሚረባ ነገር አላለም አለችኝ።»

ምራትየዋ አንገቷን ደፋች።

«አትዝለዪብኝ አልኳት። ልጄ ነው፣ ሁሉንም ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ደግሞ ያጽናኑኝ ጀመር፣ እኔን!

«ያንን ሰውዬ ጠላሁት» አሉኝ። «ድምፁን ዛሬም ብሰማ አውቀዋለሁ። ግን እስኪጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።»